ጎማው ገና መሬት ላይ እያለ አብራሪዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

በአቪዬሽን ታሪክ ብዙ ሰው ያለቀበት አደጋ አየር ላይ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ1977 ቴኔሪፍ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ ራንዌይ (አውሮፕላን የሚነሳበትና የሚያርፍበት ማኮብኮቢያ) ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ያም ሆኖ ታክሲዌይ (ወደ ራንዌይና ከራንዌይ የሚወስደው መንገድ) ላይ መንዳትን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ አብራሪ ዛሬም አይጠፋም።

አንደኛው ስህተት የሰሌዳውን ፊደል አንብቦ ቀለሙን መዝለል ነው። ጥቁር ላይ በቢጫ የተጻፈ ፊደል አሁን ያላችሁበትን ታክሲዌይ ይነግራችኋል። ቢጫ ላይ በጥቁር ተጽፎ ቀስት ካለው ግን ገና ወደፊት የሚመጣ መታጠፊያ ነው። ፊደሉ ያው "ኤ" ሊሆን ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ቀይ ላይ ነጭ ቁጥር ካያችሁ ፊታችሁ ራንዌይ አለ፤ ያለ ፈቃድ ንቅንቅ የለም። "15-33" ካለ ራንዌይ 15 የሚጀምርበት ጫፍ በግራችሁ ነው።

ያያችሁት ሰሌዳ ከተነገራችሁ መንገድ ጋር ካልገጠመ ቁሙና ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም። በ2001 ሚላን ሊናቴ ላይ በአምስተኛው መንገድ እንዲሄድ የተነገረው ትንሽ ጄት በስድስተኛው ሄደ። አብራሪው መሬት ላይ የተጻፈውን ምልክት አይቶ ያለበትን ቦታ በሬዲዮ ተናግሮ ነበር። ምልክቱ በበረራ ተቆጣጣሪው ካርታ ላይ አልነበረም። ሁለቱም ነገሩን ሳያጣሩ አለፉት፤ ጄቱ ራንዌይ ውስጥ ገብቶ ከሚነሳ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ፣ 118 ሰው አለቀ። የኤርፖርቱ ምልክቶችም ቢሆኑ ደካማ ነበሩ፤ ጥፋቱን ሁሉ አብራሪው ላይ መጫን አግባብ አይመስለኝም።

የራንዌይ መጠበቂያ መስመር ላይ ደግሞ ሁለት ድፍን፣ ሁለት የተቆራረጡ ቢጫ መስመሮች አሉ። ድፍኑ በእናንተ በኩል ከሆነ ቁሙ። ከራንዌይ ስትወጡ የሚረሳው ጭራው ነው። አፍንጫው መስመሩን ስላለፈ ብቻ "ወጥቻለሁ" አይባልም።

ቀይ የማቆሚያ መብራት እየበራ ታወሩ (ተቆጣጣሪው) "ግቡ" ቢላችሁስ? አትግቡ። መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ካልጠፋም ጠይቁ።

ሌላው ስህተት ጆሮ የፈለገውን መስማቱ ነው። በጥር 2024 ሃኔዳ ላይ የጃፓን የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ተራው "ቁጥር አንድ" እንደሆነና እስከ መጠበቂያው እንዲሄድ ተነገረው። ካፒቴኑ ራንዌይ ውስጥ እንዲገባ የተፈቀደለት መሰለው። እያረፈ የነበረ ኤርባስ ኤ350 ገጨውና በጠረፍ ጥበቃው አውሮፕላን ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። የኤርባሱ 379 ሰዎች በሙሉ ተርፈዋል። ተራ መያዝ ፈቃድ አይደለም። "ጠብቁ" የተባለውን ከነራንዌዩ ቁጥር መልሳችሁ ተናገሩ፤ "እሺ" ብቻ አይበቃም።

ወሬም አለ። በ2006 አሜሪካ፣ ሌክሲንግተን ላይ የአንድ አውሮፕላን አብራሪዎች መሬት ላይ ወደ ራንዌይ እየነዱ ሳለ ከሥራው ውጭ ያወሩ ነበር። ከራንዌይ 22 እንዲነሱ ተፈቅዶላቸው፣ ርዝመቱ ግማሽ ያህል በሆነው ራንዌይ 26 ላይ ተንደረደሩ፤ 49 ሰው ሞተ። በሁለቱ ራንዌዮች መካከል 40 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ስለዚህ ራንዌይ ላይ ከተሰለፋችሁ በኋላ፣ ጋዝ ከመስጠታችሁ በፊት፣ ኮምፓሱን ከራንዌዩ ቁጥር ጋር አስተያዩ፤ ቁጥሩ የራንዌዩ አቅጣጫ በዲግሪ ለአሥር ተካፍሎ ነው፤ 22 ማለት 220 ዲግሪ ያህል።