ደሙ ስንት ሰዓት ላይ ተቀዳ? ከድሬና ከሐረር ተነስቶ የኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት በሽታ መከላከያ ጥናት) ተመራማሪ መሆን ለሚፈልግ

የማስተርስ ጥናቴን ባቀረብኩበት ቀን ከፈታኞቹ አንዱ፣ አንድ አንጋፋ ፊዚዮሎጂስት፣ እስክጨርስ ድረስ ዝም ብለው አዳመጡኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «የድሬዎቹን ደም ስንት ሰዓት ላይ ነው የቀዳሽው?»

ሥራዬ የሐረርና የድሬዳዋ ጤነኛ ወጣቶችን ነጭ የደም ሴሎች ማወዳደር ነበር። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ገደማ። በድሬዎቹ ደም ውስጥ ሊምፎሳይት የሚባለው የነጭ ደም ሴል ዓይነት በዛ ብሎ ስላገኘሁት ጮቤ ረግጬ፣ ከፍታውና ሙቀቱ ነው ብዬ ሦስት ገጽ ትንታኔ ጽፌአለሁ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የሐረሮቹን ጠዋት 2 ሰዓት እቀዳለሁ። ወደ ድሬ ስሄድ ግን በሚኒባስ የደንገጎን ቁልቁለት ወርጄ ስደርስ ቀትር ይሆናል፤ ሰው ምሳውን በልቶ፣ ፀሐዩ በርዶለት እስኪሰበሰብ 10 ሰዓት። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ከእንቅልፍ ስንነሳ ከፍ ይላል፤ ያኔ ብዙ ሊምፎሳይት ከደም ወጥቶ ወደ መቅኒና ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ይገባል። ቀኑ ሲገፋ ኮርቲሶሉ ይወርዳል፣ ሴሎቹም ይመለሳሉ። እኔ የለካሁት ከፍታ ሳይሆን ሰዓት ነበር።

ስለዚህ «እህቴ፣ እንዴት ተመራማሪ ልሁን?» እያሉ ለሚጠይቁኝ የላብራቶሪ ምሩቃን መጀመሪያ የምለው፣ ፊዚዮሎጂን የሁለተኛ ዓመት ኮርስ ብላችሁ ጥላችሁት አትሂዱ ነው። የበሽታ መከላከያ ሴል የሚኖረው በሚበላ፣ በሚተኛ፣ በሚሮጥ ሰው ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ ናሙና ቅጽ አዘጋጁና ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት፣ ሰውየው ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ መቼ እንደበላ፣ እንዴት እንደመጣ ሙሉ። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። ሮጦ የመጣ ሰው አድሬናሊኑ ይነሳል፤ አድሬናሊን ደግሞ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የነበሩ ነጭ ሴሎችን ያላቅቃቸዋል። አንድም አዲስ ሴል ሳይፈጠር ቁጥሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። ሃያ ደቂቃ አስቀምጡት፣ ውኃ ስጡት፣ ከዚያ ቅዱ።

ጫትም እንዲሁ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብንም የደም ግፊትንም የሚያነሳ ነገር ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የነበረ ሰው ደም የጠዋቱ ደም አይደለም። ብቻ «ሱስ አለብህ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም «የለብኝም» ይላል። «ዛሬ ቅመሃል ወይስ ትናንት?» በሉት፤ ሳያፍር ይነግራችኋል።

የሆድ ትልም አይረሳ። ትል ያለበት ሰው ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴሉና አይጂኢ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካሉ ከፍ ይላል፤ ለአንዳንድ ክትባቶች የሚሰጠው ምላሽም ሊዳከም ይችላል። የሰገራ ምርመራ ርካሽ ነው፣ አብራችሁ ሥሩ። ደግሞ የመማሪያ መጽሐፍ «ጤነኛ ቁጥር» ሁሉ የኛ ነው ብላችሁ አትመኑ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ኢትዮጵያውያንና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች አብረው ሲለኩ፣ ኤችአይቪ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ሲዲ4 የሚባለው ሊምፎሳይት በአንድ ማይክሮሊትር ደም በአማካይ 775 ሲሆን የኔዘርላንዶቹ 993 ነበር። በነሱ ቁጥር የኛን ጤነኛ በሽተኛ ማድረግ ቀላል ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። የመጀመሪያዎቹን ቱቦዎች ከድሬ ወደ ሐረር ያመጣሁት በክትባት መያዣ ሣጥን፣ በበረዶ ቀብሬ ነው። ሙቀት የፈራ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሐረር ደርሼ ደሙን በየክፍሉ ስለየው፣ ግራኑሎሳይት የሚባሉት ሌሎቹ ነጭ ሴሎች ወደ ታች መውረድ ሲገባቸው ከምፈልጋቸው ሴሎች ጋር ተደባልቀው ጠበቁኝ። ሕይወት ያለው ሴል የምትፈልጉ ከሆነ በረዶ አይሆንም፤ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ነው የሚፈለገው። የድሬ ቀትር ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። መላው ቀላል ነው፤ አይስ ፓኩን ሳታቀዘቅዙ በውኃ ሞልታችሁ ሐረር አሳድሩት፣ ጠዋት በሣጥኑ ዙሪያ ደርድሩትና ቴርሞሜትር መሃል አስቀምጡ። (አወዳይ ላይ ጫቱን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ ሳይደርቅ ለማድረስ የሚሮጠውን ነጋዴ ባየሁ ቁጥር፣ ናሙና ማጓጓዝን ከሱ መማር ነበረብኝ እላለሁ።)

አለያየቱ እንዲህ ነው። ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ባለው አረንጓዴ ክዳን ቱቦ የተቀዳውን ደም በእኩል መጠን ፒቢኤስ በሚባለው የጨው ውኃ አቅጥኑት። ሌላ ቱቦ ውስጥ ፊኮል የሚባለውን ከባድ ፈሳሽ አድርጉ፣ ቱቦውን አጋድሙና ደሙን በግድግዳው እያስታከካችሁ በቀስታ አፍስሱበት። ቡና ከጀበና ስትቀዱ አተላው እንዳይደፈርስ እጃችሁ እንደሚጠነቀቀው ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ ሌላ ደም ያስፈልጋችኋል። ከዚያ በ400 ጂ (በመሬት ስበት 400 እጥፍ ኃይል) ለ30 ደቂቃ፣ የማሽከርከሪያ ማሽኑን፣ የሴንትሪፊውጁን፣ ብሬክ አጥፍታችሁ አሽከርክሩት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ «በስንት ዙር?» ብሎ ጓደኛውን ይጠይቅና የጓደኛውን ቁጥር ይሞላል። ዙሩ በማሽኑ ክንድ ርዝመት ይለያያል። ከመሃል እስከ ቱቦው ጫፍ 15 ሴንቲሜትር ከሆነ በደቂቃ 1,545 ዙር ገደማ፣ 10 ከሆነ 1,890 ገደማ ነው። ማስመሪያ ይዛችሁ ለኩ።

ሲቆም አትነቅንቁት። ታች ቀዩ፣ ከሱ በላይ ጥርት ያለው ፊኮል፣ ከላይ ቢጫው ፕላዝማ፣ በፊኮሉና በፕላዝማው መሃል ደግሞ እንደ ወተት ስልባቦት የሳሳች ነጭ ቀለበት። ሥራችሁ ያቺ ናት። በፒፔት ዙሪያዋን እየዞራችሁ አንሷት፣ ሁለት ጊዜ እጠቧት፣ ትሪፓን ብሉ በሚባለው ቀለም ቁጠሩ፤ ሰማያዊ የሆነው ሞቷል። መብራት በ30 ደቂቃው መሃል ከጠፋ ማሽኑ ራሱ ቀስ ብሎ ይቆማል፤ ሲመለስ ከዜሮ አስጀምሩትና መጥፋቱን መዝግቡ። እኔ አንድ ጊዜ አልመዘገብኩም፤ በኋላ የዚያ ቀን ስድስት ናሙናዎች ለምን እንደተለዩ ለማወቅ አንድ ወር ፈጀብኝ።

ጥያቄ ስትመርጡ ደጃችሁን እዩ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተረጋገጠ የደንጊ (ትንኝ የሚያስተላልፈው ትኩሳት) ወረርሽኝ የታየው በ2013 (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ድሬ ነው። ደንጊ አራት ዓይነት ቫይረስ አለው፤ በአንዱ የታመመ ሰው በሌላው ሲያዝ፣ የቀድሞው ፀረ እንግዳ አካል ራሱ ቫይረሱን ወደ ሴል ሊያስገባውና በሽታውን ሊያከብደው ይችላል። ሐረር አጠገብ ቢሲዲሞ አለ፣ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው ሆስፒታል። በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ፣ ቲ ሴሉ (በሽታን የሚዋጋ የሊምፎሳይት ዓይነት) የበረታለት ሰው ቆዳው ላይ ጥቂት ምልክት ብቻ ይወጣበታል፣ የደከመበት ሰው ደግሞ ሰውነቱን ሁሉ ይወርሰዋል። በ1970 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም የተነሳው ከዚሁ በሽታ ነው። ለልምምድም ለፒኤችዲም በሩን አንኳኩ።

ዲግሪው፣ ማስተርሱ፣ ፒኤችዲው ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፣ አልዘበዝባችሁም። አድቫይዘር ስትመርጡ ግን ከስሙ በፊት የድሮ ተማሪዎቹን ጠይቁ፤ ረቂቅ በስንት ጊዜ አንብቦ ይመልሳል?

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ በእጃችሁ ሳይገባ መርፌ አታንሱ። የስምምነት ቅጹን በአማርኛ ብቻ አትጻፉት፤ ድሬ ላይ ኦሮምኛና ሶማልኛም የግድ ነው። ቅጹ ቢነበብም ሰው የሚፈራውን ይፈራል። ድሬ ገንደ ቆሬ ሰፈር አንዲት እናት ቱቦውን አይተው «አቦ ልጄ፣ ጅቡቲ ወስዳችሁ ልትሸጡት ነው?» አሉኝ። የሻይ ማንኪያ አስመጣሁና ውኃ ቀድቼ አሳየኋቸው። «እማማ፣ ይቺን ሁለቴ ነው።» ሳቁ። «በዚህማ ማን ይከብራል!» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

የኔን ጥናት ደግሜ ሠራሁት። ዋዜማውን ድሬ ከአክስቴ ቤት እያደርኩ፣ ሁለቱም ከተማ ላይ ጠዋት 2 ሰዓት ቀዳሁ። ልዩነቱ ጠፋ፤ «ልዩነት የለም» ብዬ ጻፍኩና ተመረቅኩ። አሁን ተማሪዎቼን ሰዓቱን ቱቦው ላይ በማርከር አላስጽፍም፤ አልኮል ሲነካው ይለቃል። በወረቀት መለያ ላይ፣ በእርሳስ ነው የሚጽፉት።