ልጅን ከዳይፐር ማውጣት፦ ከፖፖው በፊት የቤቱ ሰው ይስማማ

ልጅ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ጥያቄው ከየአቅጣጫው ይመጣል። «ይሄ ልጅ እስካሁን ዳይፐር ነው እንዴ?» አያት ትጠይቃለች፣ አክስት ትጠይቃለች፣ ደረጃ ላይ ያገኘቻችሁ ጎረቤት ሳትቀር ትጠይቃለች። የዳይፐሩ ዋጋ ደግሞ በራሱ በየሳምንቱ ይጠይቃችኋል። ግን ልጁ የሚወጣው ሰውነቱ ሲደርስ ነው። ሰውነቱ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ነገሩን የሚያቃናውም የሚያበላሸውም ቤት ውስጥ ያሉት ትልልቅ ሰዎች መስማማታቸውና አለመስማማታቸው ነው፤ እናት አንድ ነገር ስትል፣ ሞግዚቷ ሌላ፣ አያትየው ሦስተኛ ነገር የሚሉበት ቤት ውስጥ በጣም ብልህ የሆነ ልጅም ግራ ይገባዋል።

(«ልጁ» የምለው ለማሳጠር ነው፤ ለሴቷም ያው ነው። የሚለይበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።)

ዕድሜውን በተመለከተ፣ ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ ከ18 ወር በኋላ መታየት ይጀምራሉ፣ አብዛኞቹ ልጆች ደግሞ በ2 እና በ3 ዓመት መካከል ይለምዳሉ። ወንዶች ትንሽ ዘግየት ይላሉ። ስለዚህ የልደት ቀን ከመቁጠር ልጁን ማየት ይሻላል። ዳይፐሩ ሁለት ሰዓት ያህል ደረቅ ሆኖ ይቆያል? ከቀን እንቅልፉ ደርቆ ይነሳል? ካካ ሲመጣበት ጨዋታውን አቁሞ መጋረጃ ጀርባ ወይም ሶፋ ጥግ ሄዶ ይሸሸጋል? ይሄኛው ትልቅ ምልክት ነው፤ ሊመጣ መሆኑን አውቋል ማለት ነው። «ጫማህን አምጣ» ሲባል ይሰማል? ሱሪውን ለማውለቅ ይታገላል? ሁሉም እስኪሟላ አትጠብቁ። አንዱም ከሌለ ግን አንድ ሁለት ወር ተዉት፤ ያኔ በሳምንት የሚያልቀው ነገር አሁን ከጀመራችሁት ወራት ይፈጃል።

እዚህ ላይ አያትየው ትገባለች። «እናንተን እኮ ገና ዓመት ሳይሞላችሁ ነው ከጨርቅ ያወጣኋችሁ!» አልዋሸችም። ልጁ ከእንቅልፍ ሲነሳና ጡት ሲጠግብ እግሯ ላይ አስቀምጣ «ሽሽሽ» እያለች ታሸናው ነበር። ሰዓቱን የምታውቀው ግን እሷ ነበረች፣ ልጁ ገና አልያዘም። ደግሞም ግቢ ነበራት፤ ልጁ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ሲሮጥ መሬቱ ላይ ቢሸናም ጉዳይ አልነበረም። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምንጣፍ አንጥፎ ማሠልጠን ሌላ ሥራ ነው። እኔ ብሆን አልከራከራትም። ልጅ ሽንቱ ሲመጣ ፊቱ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ስለሆነች፣ ያንን ሥራ ለእሷ እሰጣታለሁ።

መቼ ይጀመር? ታናሽ ሊወለድ ሲል፣ ቤት ስትቀይሩ፣ ሞግዚት በተለወጠችበት ሰሞን ወይም ልጁ ሲታመም አይሆንም። የበዓል ሰሞንም ተዉት፤ ቤት ሙሉ እንግዳ ባለበት ማን ልጁን ይከታተላል? ክረምት ላይ ቀን ሙሉ የተሰጣ ሱሪ ማታ እርጥብ እንደሆነ ስለሚገባ፣ የምትችሉ ከሆነ በጋ ላይ አድርጉት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ውሃው ከሚመጣበት ቀን ጀምሩ፣ ጀሪካኖቹንም ሙሉ።

ዕቃው ቀላል ነው። ሰፊ መቀመጫ ያለው፣ የማይንሸራተት፣ ልጁ ሲቀመጥበት እግሩ ሙሉ በሙሉ መሬት የሚነካ ተራ የፕላስቲክ ፖፖ። ሙዚቃ የሚዘፍነውና መኪና የሚመስለው መጫወቻ ነው፤ ልጁም እንደዚያ ነው የሚያየው። በርከት ያሉ ፓንቶች ያስፈልጋሉ፣ ላስቲክ ያላቸው ሱሪዎችም፤ ቁልፍና መታጠቂያ የበዛበትን ልብስ ለጊዜው አስቀምጡት፣ ልጁ እሱን ፈትቶ እስኪጨርስ ነገሩ ያልቃል። ለፍራሹና ለሶፋው ላስቲክ አንጥፉ። ምንጣፉን ጠቅልሉት።

ከመጀመራችሁ በፊት ለጥቂት ቀናት ፖፖው እንዲሁ ቤት ውስጥ ይቀመጥ። ልብሱን እንደለበሰ ይቀመጥበት፣ አሻንጉሊቱንም ያስቀምጥበት። ዳይፐር ላይ ያደረገውን ካካ እያየ ፖፖው ውስጥ ጣሉለት፣ ቦታው የት እንደሆነ ይየው።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ሰዎች እንምጣ፤ ከፖፖው በላይ ጊዜ የሚገባው ይሄ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ባለው ማታ ከልጁ ጋር የሚውል ሰው ሁሉ አንድ ላይ ይነጋገር። «ሽሽ» እና «ካካ» ካላችሁ ሁላችሁም እንደዚያ በሉ፤ አባት በሌላ ስም፣ ሞግዚት በሌላ ስም አይጥራው። እናት ሥራ ከዋለች አሠልጣኟ ሞግዚቷ ናት። ማንም ካላስረዳት ግን ወለል የምትወለውለውም ሱሪ የምታጥበውም እሷ ስለሆነች፣ እናንተ ከበር ስትወጡ ዳይፐሩን መልሳ ብታደርግለት ማን ይፈርድባታል? ስለዚህ በግልጽ ንገሯት። ወለሉ ቢረጥብ እንደማትቆጧት፣ በዚህ ሳምንት ሌላው የቤት ሥራ ቢጎድል ችግር እንደሌለው፣ ማታ የልጁን ልብስ እናንተ እንደምታጥቡ። ከዚያ ቃላችሁን ጠብቁ። ማታ ስትገቡም መጀመሪያ የቤቱን ሽታ አታሽትቱ፤ «እንዴት ዋላችሁ?» በሉ።

ማስፈራራትም ላይ ተስማሙ። «ሱሪህ ላይ ከሸናህ አያ ጅቦ ይወስድሃል»፣ «ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል»፣ «ኤጭ! ትቀፋለህ!» እነዚህ ከአፋችን ሳናስበው ነው የሚወጡት። የፈራ ልጅ ግን ፖፖው ላይ አይቀመጥም፣ ይይዘዋል፤ መያዝ ደግሞ ወደ ድርቀት ይወስዳል። ከታናሽ እህቱ ጋር ማወዳደርም እንደዚያው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዳይፐሩን አውልቁ። ቤት ውስጥ ከሆነና ብርድ ከሌለ ከወገቡ በታች ባዶውን ይዋል፤ ሲጀምረው እናንተም ታያላችሁ፣ እሱም ያያል። ፖፖው ላይ የሚቀመጥባቸው ሰዓቶች ይታወቁ፦ ከእንቅልፍ እንደተነሳ፣ ከበላ በኋላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ ከቤት ከመውጣቱና ከመተኛቱ በፊት። ከምግብ በኋላ የተባለው በምክንያት ነው፤ ሆድ ምግብ ሲገባበት አንጀት ይንቀሳቀሳል፣ ካካም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው የሚመጣው። ከአምስት ደቂቃ በላይ አታስቀምጡት። ስልክም አትስጡት፤ ካርቱን ሲያይ ሰውነቱን አይሰማም፣ ተነስ ሲባል ደግሞ ያለቅሳል።

«ሽሽህ መጣ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የሁለት ዓመት ልጅ መልሱ ሁልጊዜ «አይ» ነው፣ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ወለሉ ላይ ይለቀዋል። «ና፣ ፖፖ ላይ እንቀመጥ» በሉት። ሲሳካለት «እሰይ የኔ ጎበዝ!» ይበቃዋል፣ ማጨብጨብም ጥሩ ነው። ከረሜላ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ አንዳንዱ ልጅ ቶሎ ይነቃና ሽንቱን ጠብ ጠብ እያደረገ ለእያንዳንዷ ጠብታ ከረሜላ ይጠይቃል። ወለል ላይ ሲያመልጠው ድምፃችሁን ሳትቀይሩ «ሽሽ ፖፖ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ና አብረን እንጥረግ» በሉና ጨርቁን ስጡት። ይሄ ይደጋገማል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣም ይደጋገማል። ትዕግሥታችሁ ያለቀ ዕለት ተራውን ለሌላ ሰው ስጡ።

ወንድ ልጅ በመቀመጥ ይጀምር፤ ሽንት ሊሸና ሲል ካካውም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ቆሞ መሽናቱን በኋላ ከአባቱ አይቶ ይለምደዋል። ሴት ልጅ ስትጠረግ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን፤ የተገላቢጦሹ ጀርም ወደ ሽንት ቧንቧ ይወስዳል።

ሽንቱን በቶሎ የለመደ ልጅ ለካካ እምቢ ሊል ይችላል። ዳይፐር ካልተደረገልኝ ብሎ ያለቅሳል፣ ወይም ለቀናት ይይዛል። እግሩን አጥብቆ ገጥሞ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ጣቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ስታዩት እያማጠ ይመስላችኋል። ብዙ ጊዜ ግን እንዳይወጣ እየያዘ ነው። በተያዘ ቁጥር ይደርቃል፣ ሲወጣ ያማል፣ ስላመመው በሚቀጥለው ይብሱን ይይዛል። ይሄ ከገባ ሥልጠናውን አቁሙና መጀመሪያ ሆዱን አስተካክሉ። ውሃ ይጠጣ። ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ምስር ይብላ። የላም ወተት በላይ በላዩ የሚጠጣ ልጅ ለምግብ ቦታ አይኖረውም፣ ድርቀትም ይመጣበታል፤ ብስኩትና ነጭ ዳቦም አያግዙም። ሳሙና መክተት ወይም ከፋርማሲ በግምት መድኃኒት ገዝቶ መስጠት ይቅር፣ ካልተሻለው ሐኪም ይየው። እስከዚያ ካካውን ዳይፐር ላይ ቢያደርግ ምንም አይደለም፤ ብቻ ሽንት ቤት ውስጥ ቆሞ ያድርግ፣ ቦታውን ይለምዳል።

«የልጅ ካካ ምን አለው» የሚባለው ትክክል አይደለም። ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች በልጅ ካካ ውስጥም አሉ። የፖፖውን ይዘት ሽንት ቤት ውስጥ ድፉት፣ ያጠባችሁበትንም ውሃ እዚያው፤ ግቢና ቦይ ላይ አትርጩት። እጅ በሳሙና መታጠብ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን፣ የልጁም የእናንተም።

ከፖፖ ወደ ትልቁ ሽንት ቤት ስታሸጋግሩት አትቸኩሉ። የመልቀቂያው ድምፅ ያስፈራል፣ ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ቀዳዳ ደግሞ ልጁ የሚገባበት ነው የሚመስለው። ቁጢጥ ሲል ከኋላ ሆናችሁ ብብቱን ያዙት። መቀመጫ ላይ ከሆነ አነስ ያለውን የልጅ መቀመጫ ጨምሩለት፣ እግሩ ሥርም በርጩማ አድርጉ፤ እግሩ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ማማጥ ይከብደዋል። ከቤት ስትወጡ ቅያሪ ሱሪና ፌስታል ያዙ። ሩቅ የምትሄዱ ከሆነ ፖፖውንም ያዙት፣ ማንም አይፈርድባችሁም።

የሌሊቱ ለብቻው ነው። እንቅልፍ ላይ ሽንት መያዝ ከሰውነት ዕድገት ጋር ይመጣል እንጂ በትምህርት አይመጣም፣ ስለዚህ ሌሊት ዳይፐሩ ይቆይ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ፍራሽ ማርጠብን ሐኪሞችም እንደ በሽታ አያዩትም።

ለምዶ የነበረ ልጅ ታናሽ ሲወለድ ወይም ቤት ሲቀየር ወደ ኋላ ቢመለስ የተለመደ ነው፣ ከመጀመሪያው በፍጥነት ይመለሳል። ሲሸና ካመመው፣ ትኩሳት ከያዘው፣ ሽንቱ ላይ ደም ካያችሁ ወይም ሁልጊዜ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ግን ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሽንቱ ሳያመልጠው የቆየ ልጅ ድንገት ብዙ ውሃ መጠጣት፣ ብዙ መሽናትና መክሳት ከጀመረ በዚያው ቀን ውሰዱት፤ ስኳር ሊሆን ስለሚችል አይቆይም።

መስከረም ላይ ኬጂ የሚገባ ልጅ ያላችሁ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አትጀምሩ። ከመመዝገባችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት ገብታችሁ እዩት፣ ለትንሽ ልጅ ይሆናል አይሆንም። መምህሯን ልጁ ሽንቱን በምን ቃል እንደሚጠራ ንገሯት፣ ቦርሳው ውስጥም አንድ ሱሪና ሁለት ፓንት ይኑር።