ከፒት ሂዩሚክ አሲድ ሲለይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጣና ዳርቻ ደንገል ከሚበቅልበት ረግረግ ፒት የሚባለውን፣ ከበሰበሰ ዕፅ የተፈጠረ ጥቁር አፈር ቆፍሮ ሂዩሚክ አሲድ (በአልካሊ የሚሟሟ፣ በአሲድ የሚዘቅጥ የብስባሽ ጥቁር ንጥረ ነገር) ለማውጣት የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊተወው የሚገባው ልማድ፣ የሥራውን ውጤት በሚዛን ብቻ መለካት ነው። ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ የሚያስገቡት ደለል ከበሰበሰው ዕፅ ጋር ሊደባለቅ ስለሚችል፣ ብዙ ተገኘ የተባለው ጥቁር ዱቄት ከፊሉ ጭቃ ሆኖ ይገኛል። ይህን ለማወቅ ከዱቄቱ ጥቂቱን በ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቃጥሎ የተረፈውን አመድ መመዘን ያስፈልጋል።

ናሙናውን በኃይለኛ ሙቀት ማድረቅም ስህተት ነው። ክው ብሎ የደረቀ ፒት ውኃ ሲፈስበት በቀላሉ አይርስም፤ ጠብታው ላዩ ላይ ይንከባለላል። በጥላ ማናፈስ ይበቃል።

ቅድመ አሲድ እጥበቱን መዝለልም የተለመደ ነው። ካልሲየምና መሰል ማዕድናት ሂዩሚኩን አስረው ስለሚይዙት፣ ለ1 ግራም ደረቅ ናሙና 10 ሚሊ ሊትር ያህል ሂሳብ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ1 እስከ 2 በሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለ1 ሰዓት ማናወጥ ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት የሚፈጸመው ግን ሂዩሚኩን ለማሟሟት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለው አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲጨመር ነው። አልካሊ ውስጥ የገባ ሂዩሚክ አሲድ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ባሕርይውን ስለሚለውጥ፣ ክፍት ቢከር ላይ የተሠራው ሥራ የሚያስገኘው ረግረጉ ውስጥ የነበረውን ሳይሆን እኛው የፈጠርነውን ነገር ነው። ስለዚህ 0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል) የሆነ የአልካሊ ብጥብጥ፣ ናይትሮጅን የተሞላ ዝግ ዕቃና ቢያንስ 4 ሰዓት ማናወጥ ያስፈልጋል። ምርት ለማብዛት ሲሉ ብጥብጡን ማጠንከር ወይም ማፍላት ያልበሰበሰውን የዕፅ አካል ጭምር ሰባብሮ ያስገባል።

የጠለለው ቡናማ ፈሳሽ በአሲድ ፒኤቹ 1 ሲደርስ ዝቃጩ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ሌሊቱን ማሳደር ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ዝቃጩን በተጣራ ውኃ ደጋግመው ያጥቡታል፤ አሲዱ ታጥቦ ሲያልቅ ግን የእጣቢው ውኃ እንደ ሻይ መቅላት ይጀምራል፤ የሚፈስሰውም ራሱ ሂዩሚክ አሲዱ ነው። ጨውን ለማስወገድ የዲያሊሲስ ከረጢት (ጨውን አሳልፎ ሂዩሚኩን የሚያስቀር ስስ ከረጢት) ውኃ ውስጥ መንከር ይሻላል።

አመዱን ለመቀነስ የሚጨመረው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ብርጭቆን የሚበላ፣ ሰውንም የሚገድል በመሆኑ፣ የዚህን አሲድ ቃጠሎ ለማከም የሚቀባውን ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል በአጠገቡ ያላስቀመጠ ቤተ ሙከራ ባይነካው ይመረጣል። የዲያሊሲስ ከረጢቱን ከከበበው ውኃ ጥቂት ተቀድቶ ሲልቨር ናይትሬት ሲንጠባጠብበት ነጭ ደመና ካላሳየ ክሎራይዱ ወጥቷልና፣ ናሙናው አቀዝቅዞ ወደሚያደርቀው መሣሪያ ይገባል።