ለክሩዝ የስኩባ ዕቃ ማሸግ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ከማያሚ ተነስተው ኮዙሜልንና ግራንድ ኬይማንን (የካሪቢያን ደሴቶች ናቸው) በሚያዳርሱ የመዝናኛ መርከቦች ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ያለኝን የመጥለቂያ ዕቃ ሁሉ ተሸከምኩ፤ በሁለተኛው ተማርሬ ከጠላቂነት ካርዴ (የሥልጠና ማረጋገጫው) በቀር ምንም አልያዝኩም። ሁለቴም ተቀጣሁ። የምጽፈው ሠልጥኖ ካርድ ለያዘ ሰው ነው።

ሻንጣው ከአውሮፕላኑ 23 ኪሎ አለፈ

የቤታችን ሚዛን ወደ አዲስ አበባ በተሄደ ቁጥር ሻንጣ ሲመዘንበት የኖረ ነው፤ አይዋሽም። አንድም ልብስ ሳይገባ 15 ኪሎ አለኝ።

ጥፋተኛው ቢሲዲው ነው፣ አየር የሚሞላው ጃኬት። ብቻውን 3 ወይም 4 ኪሎ ይሆናል፣ ቦታ ይፈጃል፣ ከውሃ ሲወጣም ውሃ ቋጥሮ ይወጣል። በሳምንት ጉዞ ሁለት ወደብ ላይ ብትጠልቁ በየወደቡ ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ታንክ (የአየር ሲሊንደር) ነው። ለአራት ታንክ ብዬ ቢሲዲ አልጭንም፣ እከራያለሁ። ታንክና እርሳስ (የሚያሰጥመው ክብደት) እዚያው ዳይቭ ሾፑ፣ ጠላቂዎችን የሚያስተናግደው ሱቅ፣ ያቀርባል።

ማስክ (ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነው መነጽር) እና የመጥለቂያ ኮምፒውተር (ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥረው) ግን አይቀሩም። ሬጉሌተር፣ ከታንኩ አየር የሚተነፈስበት፣ በዓመቱ ውስጥ ሰርቪስ ከተደረገለት ይሄዳል፤ ካልተደረገለት ከማታምኑት የራሳችሁ ዕቃ የኪራዩ ይሻላል። ፊን፣ የእግር መቅዘፊያው፣ ቦታ ከተረፈ። ዌትሱት፣ ሙቀት የሚጠብቀው የጎማ ልብስ፣ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ኮዙሜል በጥርና በየካቲት እንኳ ውሃው 26 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ማስኩ ውሃ ያስገባል፣ ወይም ጉም ይለብሳል

በሁለተኛው ጉዞዬ የተከራየሁት ማስክ በኮዙሜሉ ፓላንካር ሪፍ (የኮራል ዓለት) ላይ በየሁለት ደቂቃው ይሞላ ነበር። አጠገቤ ኤሊ አልፏል አሉ፤ እኔ ውሃ በአፍንጫዬ እየነፋሁ ሳስወጣ ነበርኩ።

የኪራይ ማስክ የተመረጠው ለሌላ ሰው ፊት ነው። የራሳችሁን ስትገዙ ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጡና ማስኩን ፊታችሁ ላይ ብቻ አስደግፉት፤ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ፤ እጃችሁን ስትለቁ ካልወደቀ የእናንተ ነው። ልክ ሆኖም የሚያስገባ ከሆነ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛው ጢም ነው፤ ከአፍንጫ ሥር ያለውን ጠርዝ ሲሊኮኑ ቆዳ እንዲያገኝ ያህል ተላጩ። ቫዝሊን መቀባት የሚመክሩ አሉ፤ አልስማማም፣ የነዳጅ ዘር ቅባት ለጎማ ጠር ነው። ሁለተኛው ከጠርዙ ሥር የገባ ፀጉር ነው፤ ሹሩባ የተሠሩ ሴቶች ግንባር ላይ ያሉትን ጉንጉኖች ወደ ኋላ ይሰብስቡ። ሦስተኛው ማንም የማይጠረጥረው ነው፦ ማሰሪያውን ከመጠን በላይ ማጥበቅ። ሲጠብቅ ሲሊኮኑ ይጣመምና በጎን መንገድ ይከፍታል። ላላ አድርጉት።

አዲስ ማስክ እንደ ሻይ ቤት መስኮት በእንፋሎት የሚሸፈነው ከፋብሪካ የመጣ ስስ ሽፋን መስታወቱ ላይ ስለሚቀር ነው። እቤት ሳላችሁ ነጩን የጥርስ ሳሙና (ጄል ያልሆነውን) ከውስጥ በጣታችሁ ደጋግማችሁ እሹት፣ እጠቡት፣ እንደገና። ውሃው አጠገብ ስትደርሱ ምራቅ ወይም ጠብታ የሕፃን ሻምፑ፣ ከዚያ ለቅለቅ። ሽፋኑ ካልለቀቀ ምራቅ ብቻውን ዋጋ የለውም።

ቢላና ጓንት ተያዘብኝ

ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ስለቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቢላ አያሳፍሩም። ከፍተሻው ብታልፉም ኮዙሜል ሪፉ ከ1996 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ቢላም ጓንትም ክልክል ነው፤ ኬይማንና ሌላዋ የካሪቢያን ደሴት ቦኔርም ጓንት አይፈቅዱም። ጓንት ያደረገ ሰው ኮራል ለመያዝ አይፈራማ። ሁለቱንም እቤት ተዉ። አንዳንድ መርከብ የመጥለቂያ ዕቃን ከካቢን አውጥቶ መጋዘን ያስቀምጣል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ሬጉሌተሩ ከታንኩ ጋር አልገጠመም

አውሮፓ የገዛችሁት ከሆነ ዲን የሚባለው፣ በጥርስ የሚጠመዘዘው ሊሆን ይችላል። ካሪቢያን የሚበዛው ዮክ ነው፣ ከላይ ታቅፎ የሚታሰረው። ማገናኛ አስማሚ ይሸጣል፤ በመዳፍ የሚያዝ ብረት ነው።

መስጠም አቃተኝ

ቨርጂኒያ ውስጥ ውሃ በሞላው የድሮ ድንጋይ ማውጫ ነው የሠለጠንኩት። እዚያ ያሰጠመኝ እርሳስ ባሕር ላይ እንደ ቡሽ አንሳፈፈኝ። የባሕር ውሃ ከሐይቅ ውሃ በመቶ 2.5 ያህል ይከብዳል፤ ከነዕቃው 90 ኪሎ የሆነ ሰው ከ2 ኪሎ በላይ እርሳስ መጨመር አለበት። የአልሙኒየም ታንክም አየሩ ሲያልቅ ራሱ ወደ ላይ ይጎትታል። ስንት ኪሎ፣ በየትኛው ዌትሱት፣ በምን ውሃ እንደጠለቃችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉና ሂዱ፤ ይሄ ዕቃ የማይመዝን ዕቃ ነው።

ከጀልባው መለሱኝ

የጤና መጠይቁ ላይ አንድ «አዎ» ካለ፣ ለምሳሌ አስም፣ የሐኪም ፊርማ ሊጠይቁ ይችላሉ። ወደብ ላይ ሐኪም የለም። ቅጹን ከሳምንታት በፊት አውጡ፣ አስፈርሙ፣ ከካርዱ ጋር ያዙ።

መርከቡ ሊሄድብኝ ነበር

ይሄ የዕቃ ጉዳይ አይመስልም፤ ግን መፍትሄው የሚታሸግ ነው፦ የእጅ ሰዓት።

ኮዙሜል ያለበት ግዛት ሰዓቱን ዓመቱን ሙሉ አይቀይርም። ማያሚ በፈረንጆቹ በጋ (ከመጋቢት እስከ ጥቅምት) አንድ ሰዓት ወደፊት ትቀድማለች፣ መርከቡም ብዙ ጊዜ የማያሚውን ይዞ ይቀጥላል። ወደብ ስትወርዱ ስልካችሁ ሳይጠይቃችሁ ወደ ኮዙሜል ይዞራል። መርከቡ በፈረንጅ 3:30 ተሳፈሩ ብሎ ከሆነ ስልኩ በዚያች ደቂቃ 2:30 ይላል፤ «ገና አንድ ሰዓት አለን» ብላችሁ ታኮ ታዛላችሁ። እኛ ላይ ደግሞ የሐበሻው ቆጠራ ይጨመራል። ባለቤቴ «ስንት ሰዓት ነው?» ስትለኝ ስምንት ተኩል አልኳት። እሷ በመርከቡ ቆጠራ መስሏት ተረጋጋች፤ እኔ የነገርኳት የስልኩን ነበር። ያን ቀን ከነፊናችን ሮጠናል። የስልኩን ራስ ሰር ሰዓት አጥፉ፣ የእጅ ሰዓቱን በመርከቡ አስተካክሉ፣ ዳይቭ ሾፑንም «በማን ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዌትሱቱ አልደረቀም፣ ይሸታል

የካቢን መታጠቢያ ጠባብ ነው፣ አየሩም እርጥብ። በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ በእግር ርገጡት፣ ከዚያ ሻወሩ ውስጥ ባለችው የልብስ ገመድ ላይ ስቀሉት። ሰገነት ላይ አይደለም፤ ነፋሱ ይወስደዋል። ሬጉሌተሩን ስታጥቡ መክደኛው መዘጋቱን እዩ፣ የአየር ማስለቀቂያውን ቁልፍም አትጫኑ፤ ተጭናችሁ ካጠባችሁ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል።

ኮምፒውተሩ «አትብረር» ይላል

የተለመደው ምክር ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት ነው። የመጨረሻው ወደብ ኮዙሜል ሆኖ አንድ የባሕር ቀን ካለ ችግር የለም። ናሶ (ባሃማስ) ከሆነ ግን አስሉት፦ በፈረንጅ ከቀኑ 3 ሰዓት ከውሃ ወጣችሁ፣ ሌሊቱን መርከቡ ተጓዘ፣ በማግስቱ ጠዋት 8 ሰዓት አውሮፕላን ላይ ናችሁ። 17 ሰዓት ነው። ወይ የከሰዓት በረራ ግዙ፣ ወይ ናሶ ላይ ስኖርክል (ላይ ላይ ሲዋኙ የሚተነፈስበት ቱቦ) ብቻ ይዛችሁ ውረዱ።

የመጨረሻው ምሽት ሻንጣ በር ላይ ይቀመጥና ሠራተኞቹ ይወስዱታል። ኮምፒውተሩን አብራችሁ አትስጡ፤ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደቀራችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው። የመጥለቂያ መብራቱ ትርፍ ሊቲየም ባትሪም በእጅ ቦርሳ ነው የሚሄደው። ዌትሱቱ አሁንም ካልደረቀ ሁለት ትልልቅ የቆሻሻ ላስቲክ ውስጥ ክተቱት፣ ከልብሱ በታች አድርጉት፣ እቤት እንደገባችሁም ቀድማችሁ እሱን አውጡ።