ክላሲካል ትምህርትን በጎጃም በሚገኝ ካቶሊካዊ ትምህርት ቤት እንዴት እንጀምር?

ክላሲካል ትምህርት ተማሪው ቋንቋን በሰዋስው፣ አስተሳሰብን በሎጂክ፣ አነጋገርንና አጻጻፍን በሬቶሪክ ደረጃ በደረጃ የሚያጠናበት ጥንታዊ ሥርዓት ነው። ኢየሱሳውያን (ጀስዊቶች የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) በ1599 እ.ኤ.አ. ባጸደቁት የትምህርት መመሪያ ይህን ሥርዓት በዋናነት በላቲን ቋንቋ ያስተምሩ ነበር። ጎጃም ውስጥ ይህን ለመጀመር ያሰበ ርእሰ መምህር ግን የላቲን መጻሕፍት ከመፈለጉ በፊት ፊቱን ወደ ግእዝ ሊመልስ ይገባዋል፤ የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የግእዝ ሥርዓተ አምልኮ ያላት ናትና፣ ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማ ጊዮርጊስን በመሰሉ የቅኔ ጉባኤያት የታወቀውም ይኸው አገር ነውና። በ1791 እ.ኤ.አ. በጎጃም ተወልደው በመርጡለ ማርያም የተማሩት፣ በኋላም ካቶሊክ ሆነው በ1855 እ.ኤ.አ. በእስር ላይ ሳሉ ያረፉትና በ1926 እ.ኤ.አ. ብፅዕናቸው የታወጀው አባ ገብረ ሚካኤል፣ ከካቶሊካዊው ሚስዮናዊ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ጋር በሠሩበት ዘመን ይዘውት የቀረቡት ሊቅነት ከዚሁ የአገር ቤት ትምህርት የተገኘ ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው መምህር ነው። ቅኔ የተቀኙ፣ ግሥ አጥርተው የሚያወርዱ (የግእዝን ግሥ በየመልኩ የሚያረቡ) የኔታ በአቅራቢያ ከተገኙ፣ የምስክር ወረቀት የላቸውም ተብሎ ሊታለፉ አይገባም። እኚህ መምህር የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ መሆናቸው የማይቀር ስለሆነ፣ የሚያስተምሩት ቋንቋን ብቻ እንደሆነና የራሳቸው ያልሆነውን ትምህርተ ሃይማኖት እንዲያስተምሩ ማንም እንደማይጠይቃቸው ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ መስማማት ያስፈልጋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ስለሚያዝዝ፣ ጸሎትና ትምህርተ ክርስቶስ ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ፣ በወላጆች ፈቃድ ይሁኑ።

በታችኛው ደረጃ ሥራው በቃል መያዝ ነው። ልጆቹ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ባረከ የመሳሰሉትን አርእስተ ግሥ፣ ማለትም ሌሎቹ የግእዝ ግሦች የሚረቡባቸውን አብነቶች፣ እየተቀባበሉ ያውርዱ፤ በየዕለቱ ግማሽ ሰዓት መስጠት በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሰዓት ከመስጠት እጅግ ይሻላል። ንባቡ ሲጠና፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰውና የግሪክ ፈላስፎች እንደተናገሯቸው የሚነገሩ ምክሮችን የያዘው አንጋረ ፈላስፋ ለክፍል ሥራ ተስማሚ ነው።

በእኔ እምነት ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሎጂክ በሚጀመርበት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ነው፤ ብዙዎች ክርክርን ከመረታታት ለይተው ስለማያዩት ትምህርቱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የመካከለኛው ዘመን የካቶሊክ ሊቅ ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ጥያቄውን ያቀርባል፣ ከእርሱ አሳብ ጋር የሚቃረኑትን ምክንያቶች ይዘረዝራል፣ ከዚያ በኋላ የራሱን መልስ ሰጥቶ ለእያንዳንዱ ተቃውሞ ምላሽ ይሰጣል። ይህንኑ ሥርዓት ልጆቹ በሚያውቁት ጉዳይ ላይ ማለማመድ ይቻላል፤ ለምሳሌ «በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ይገባልን?» የሚለውን ጥያቄ መምህሩ ያቅርብና፣ መትከል የለበትም የሚለው ተማሪ በቅድሚያ የተቃራኒውን ወገን ምክንያት፣ ያ ወገን «አዎን፣ የእኔ ቃል ይህ ነው» እስኪል ድረስ አሟልቶ ይናገር። የአንድምታ ትርጓሜም አንድን ንባብ «አንድም» እያለ በብዙ መንገድ ስለሚፈታ፣ ተማሪው በመጀመሪያው ፍቺ ላይ እንዳይቆም ያስለምደዋል።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ለሬቶሪክ ቅኔን የሚተካ ልምምድ አላገኘሁም። ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ባለው የቅኔ ዓይነት፣ በጉባኤ ቃና ይጀመር። ተማሪው ለብቻው ሆኖ ቅኔውን ይቁጠር (ያዘጋጅ)፣ ሰሙንና ወርቁን ያስማማ፣ ከዚያም በመምህሩ ፊት ይንገር፤ መምህሩም የሰዋስው ስሕተቱን ጓደኞቹ እየሰሙ ያርሙለት፣ ለምን እንደተሳሳተም ያስረዱት። መቀኘት ያልሆነለት ልጅ እንዳያፍር፣ በአማርኛ የተዘጋጀ ንግግር ያቅርብ። ምዘናውም የቃል ይሁን፤ የምርጫ ጥያቄ ይህን ችሎታ አይለካም።

ወላጆች ይህ ሁሉ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ዝግጅትን ይሻማል ብለው ይሰጋሉ፤ ስጋታቸውም ተገቢ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቢሮው ሥርዓተ ትምህርት አንድም ክፍለ ጊዜ ሳይነካ፣ በአንድ ክፍል ብቻ ይጀመር፤ ዓመቱ ሲያልቅም ልጆቹ በወላጆች ፊት ግሥ አውርደውና ተከራክረው ካሳዩ በኋላ ወደ ቀጣዩ ክፍል ይስፋ።