የእይታ ኮርቴክስን አንዲት ሴል በኮምፒውተር እንዴት መሥራት ይቻላል?

የእይታ ኮርቴክስን (ዓይን የሚያየውን የሚያስተናግደውን የአንጎል ክፍል) በኮምፒውተር እንሥራ ሲባል ብዙ ሰው ዘሎ ግዙፍ ኔትወርክ ውስጥ ይገባል። ባይቸኩል ጥሩ ነው። አንዲት ሴል ስትሳሳት ምኗ ላይ እንደተሳሳተች ቶሎ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1959 ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል የድመትን አንጎል ሲያጠኑ፣ የዚህ ክፍል ሴሎች ለተራ ብርሃን ብዙም ግድ እንደሌላቸው አሳዩ። የሚነቁት እያንዳንዳቸው የሚመርጡት አቅጣጫ ያለው መስመር ሲመጣ ነው። የእኛም ሴል ይህን ማድረግ አለባት።

1. ማጣሪያውን ሥሩ። የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋና የቁጥር ስሌት ቤተ-መጻሕፍቱ ነምፓይ ይበቃሉ። 31 በ31 የሆነ የቁጥር ሰንጠረዥ አዘጋጁ፤ የቦታ መቁጠሪያው መሃሉ ላይ ዜሮ፣ ዳርና ዳሩ ላይ −15 እና 15 ይሁን። ርዝመቱ 8 ፒክስል የሆነ የኮሳይን ሞገድ ሥሩበት። ከዚያ መሃሉ ላይ ጎልቶ ወደ ዳር በሚከስም የጋውስ ጉብታ አባዙት፤ ሲግማው (የጉብታው ስፋት መለኪያ) 4 ፒክስል ይሁን። ጋቦር ማጣሪያ የሚባለው ይኸው ነው። በመጨረሻ አማካዩን ከእያንዳንዱ ቁጥር ቀንሱ። ይህችን ነገር ብዙዎች ይዘሏታል። ድምሩ ዜሮ ካልሆነ ግን ሴሏ ባዶ ነጭ ምስል እያየችም ምላሽ ትሰጣለች።

2. ምላሹን አስሉ። ማጣሪያውን ምስሉ ላይ ደርቡ፣ ቁጥር በቁጥር አባዙ፣ ደምሩ። ከዜሮ በታች ከወጣ ዜሮ በሉት።

3. ፈትኗት። ፎቶ አታሳዩአት፤ ፎቶ ውስጥ ሁሉም አቅጣጫ ተደባልቆ ስላለ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ሞገዱ 8 ፒክስል የሆነ ባለመስመር ምስል በኮድ ሥሩና በየ15 ዲግሪው እያዞራችሁ ምላሹን በግራፍ አስቀምጡ። ጫፉ በራሷ አቅጣጫ ላይ መውጣት አለበት። ግራፉ ዝርግ ከሆነ መጀመሪያ የሞገዱን ርዝመት አረጋግጡ።

4. አሁን መስመሮቹን 4 ፒክስል ግፏቸው። ጥቁሩ በነጩ ቦታ ይገባል፤ ሴሏም ጭጭ ትላለች። ኮርቴክስ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ መገፋት የማይረብሻቸው ሴሎችም አሉ፤ ውስብስብ ሴሎች ይባላሉ። እነሱን ለመሥራት ኮሳይኑን በሳይን የተካ ሁለተኛ ማጣሪያ ጨምሩ። የሁለቱን ውጤት ዜሮ ሳታደርጉ ካሬ አድርጋችሁ ደምሩ። ኤደልሰንና በርገን በ1985 ያቀረቡት ዘዴ ነው፤ ለቀላልነቱ ውጤቱ ያስገርማል።

5. የመስመሮቹን ኮንትራስት (የጥቁሩንና የነጩን ልዩነት) እጥፍ ብታደርጉ ይህ ምላሽ አራት እጥፍ ያድጋል። እውነተኛ ሴል ግን የሆነ ቦታ ላይ ይበቃታል። ዴቪድ ሂገር በ1992 እንዳቀረበው፣ የሴሏን ምላሽ ለጎረቤቶቿ ምላሽ ድምር አካፍሉ። ለጎረቤትነት በየ22.5 ዲግሪው የዞሩ 8 ጥንድ (ኮሳይንና ሳይን) ማጣሪያዎች ይበቃሉ። አካፋዩ ላይ አንድ ቋሚ ቁጥር ጨምሩ፤ ቋሚውን ባሳነሳችሁት ቁጥር ሴሏ በደብዛዛ ምስልም ቶሎ ጣሪያዋን ትነካለች።