ከፍራንክፈርት እስከ ጋርዳ ሐይቅ፦ ከትንንሽ ልጆች ጋር የረጅም መንገድ የመኪና ጉዞ አስተቃቀድ

ከፍራንክፈርት ተነስቶ፣ በሙኒክና በብሬነር ተራራ ማለፊያ በኩል ሰሜን ኢጣሊያ ወደሚገኘው ጋርዳ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሁለት አዋቂዎች እየተፈራረቁ ቢነዱ በአንድ ቀን ይዘልቁታል። ከኋላ ወንበር ሕፃናት ካሉ ግን የቀኑን ርቀት የሚወስነው ትንሹ ልጅ ነው። ስለዚህ መንገዱን ለሁለት ቀን ይክፈሉት። እኛ የምንመርጠው ከሙኒክ ጥቂት አልፎ፣ ኦስትሪያ ሳይገቡ ማደርን ነው፤ ልጆቹ ሆድ የሚያውከውን ጠመዝማዛና ተራራማ መንገድ በማግስቱ ጠዋት እንቅልፍ ጠግበው ይጀምሩታል።

ማረፊያ ከመያዝዎ በፊት የልጆቹን ሰነድ ይመርምሩ። ጀርመን የልጆች ፓስፖርት የሚባለውን ከጥር 2024 ጀምሮ መስጠትም ማደስም ስላቆመች፣ ጀርመናዊ ዜግነት ያለው ልጅ መደበኛ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ያስፈልገዋል፤ ይህም ሳምንታት ይወስዳል። በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ የሚጓዝ ሰው በሌሎች የሸንገን አገሮች በ180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀናት መቆየት ይችላል፤ የሁለቱም ሰነዶች ቀን ግን ያላለፈ መሆን አለበት። በእኛ የስም አወጣጥ ልጆች የአባታቸውን ስም ስለሚከተሉ የእናት ስም ከልጆቿ ስም ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ፖሊስ ድንበር ላይ ቢጠይቅ እንዳትቸገሩ የልደት የምስክር ወረቀት ቅጂ ይያዙ። ከወላጆች አንዱ ብቻ የሚጓዝ ከሆነም ሌላው የፈረመበት የስምምነት ደብዳቤ ይጨመር።

የልጅ መቀመጫን በተመለከተ በጀርመን ከ12 ዓመት በታች ሆኖ ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ ያለ መቀመጫ አይጓዝም። ኢጣሊያም መለኪያዋ 150 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለኦስትሪያ ግን 135 ይበቃል። ጥብቁን ሕግ ይዞ መጓዝ ከሁሉም ይገላግላል።

ኦስትሪያ ውስጥ ለአውራ ጎዳና ቪኜት የሚባለው የመንገድ ክፍያ ፈቃድ ይገዛል፤ የብሬነር መንገድ ግን በቪኜቱ ስለማይሸፈን ለብቻው ይከፈልበታል። ኢጣሊያ ሲገቡ ከማሽን ትኬት ወስደው ሲወጡ በተጓዙት ርቀት ልክ ይከፍላሉ። ትኬቱን ከልጅ እጅ ያርቁት፤ ከጠፋ ክፍያው ከሩቁ መግቢያ እንደተነዳ ተደርጎ ሊሰላ ይችላል። ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቀው ግን ስለ አሮጌ ከተሞች መሐል ነው። «ዞና ትራፊኮ ሊሚታቶ» (የተሽከርካሪ መግቢያ የተገደበበት ክልል) የሚል ጽሑፍና ቀይ ጠርዝ ያለው ነጭ ክብ ምልክት ካዩ አይግቡ። እኔ በአንዲት ከተማ ልጄ ሽንት ቤት ብላ ስታለቅስ ተቻኩዬ ምልክቱን አልፌ ገባሁ፤ የቅጣቱ ደብዳቤ ከወራት በኋላ ቤቴ ድረስ መጣ። ከዚያ ወዲህ መኪናችንን ከከተማው ዳር አቁመን በእግር እንገባለን።

በመንገድ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ይቁሙ፤ ልጆቹም ወርደው ይሩጡ። ዳይፐር፣ እርጥብ ሶፍት፣ ቅያሪ ልብስና ለትውከት የሚሆኑ ፌስታሎች ያሉበትን ቦርሳ ከፊት ወንበር ሥር ያኑሩት፤ ከሻንጣዎች ሥር ከተቀበረ በሚያስፈልግበት ሰዓት አይገኝም። መኪና ቢበላሽ የሚለበሱት አንጸባራቂ የማስጠንቀቂያ ሰደርያዎችም በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይሁኑ። ለመንገድ ስንቅ ቆሎ መያዝ ልማዳችን ነው፤ ሆኖም ቆሎም ሆነ ኦቾሎኒ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ በሚሄድ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አይሰጥ። ከኋላ የታነቀን ልጅ ነጂው ላያየው ይችላል፤ ቢያየውም በአውራ ጎዳና ላይ ወዲያው መቆም አይችልም። ለስላሳ አምባሻ፣ ሙዝና ውኃ ይበቃል፤ ፍርፍሩ ማረፊያ ቦታ ላይ ይበላ። ልጅ ማጥወልወል ከጀመረው ስልኩን ተቀብለው ሩቅ ያሉትን ተራሮች እንዲያይ ያድርጉት።

በሐምሌና በነሐሴ ቅዳሜ ቀን በብሬነር ማለፍ በፀሐይ ሰዓታት ሙሉ ተሰልፎ መዋል ሊሆን ስለሚችል፣ ቢቻል ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይነሱ። ተሽከርካሪዎች መቆም ሲጀምሩ በጀርመንም ሆነ በኦስትሪያ በግራው ረድፍ ያሉት ወደ ግራ፣ ሌሎቹ ወደ ቀኝ ተጠግተው ለአምቡላንስ መሐሉን ይከፍታሉ። የመመለሻውን ቀንም ከሥራ መጀመሪያዎ ቢያንስ ሁለት ቀን ያስቀድሙት፤ መንገድ ላይ ልጅ ቢያተኩሰው አንድ ሌሊት ጨምሮ ማደር የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።